በገዢው እጅ የሚያልቅ መኪና፦ የፋይበርግላስ ኪት ካር ታሪክና ፍለጋ

ከመኪና ዓይነቶች መካከል ፋብሪካ ጀምሮት ገዢው የሚጨርሰው አንድ ልዩ ዘር አለ፤ ስሙም «ኪት ካር» ይባላል። ኪት ካር ማለት ሻጩ ቦዲውን፣ አንዳንድ ጊዜም ሻንሲውንና ጥቂት ተጨማሪ ክፍሎችን ብቻ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው፣ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ መሪውንና አክስሉን ግን ገዢው ከሌላ አሮጌ መኪና ነቅሎ በራሱ ጋራዥ የሚገጥምለት መኪና ነው። ዕቃው የሚነቀልበትን አሮጌ መኪና የሙያው ሰዎች «ለጋሽ» ይሉታል። ሥራው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በየጓሯቸው የፈጸሙት በመሆኑ፣ እንደ ሌሎች መኪናዎች ታሪኩ በአንድ ፋብሪካ መዝገብ ተሰብስቦ አልቆየም፤ ስለዚህም ዛሬ ከ1950ዎቹ ወይም ከ1960ዎቹ የተረፈ የፋይበርግላስ ኪት ካር ፈልጎ መግዛት የሚሻ ሰው፣ ገንዘብ ከመቁጠሩ በፊት የታሪክ ተመራማሪ ለመሆን ይገደዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች፣ በተለይ ካልተመለከተ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከቁሱ ነው። በ1932 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ዴል ክላይስት የተባለ ወጣት ተመራማሪ የመስታወት ጡቦችን እርስ በርስ ለማጣበቅ ሲሞክር፣ በኃይል የተነፋ አየር ቀልጦ የሚፈሰውን መስታወት መትቶ እጅግ ወደ ቀጠነ ክር ለወጠው። ይህ ድንገተኛ ግኝት የመስታወት ክር በብዛትና በርካሽ የሚመረትበትን መንገድ ከፈተ፤ በ1938ም ሁለት ታላላቅ የመስታወት አምራቾች ተጣምረው ኦወንስ ኮርኒንግ ፋይበርግላስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ክሩ ግን ብቻውን ቅርጽ አይዝም። ቅርጽ የሚያስይዘው ሬዚን ነው፤ ሬዚን እንደ ማር ወፍራም ሆኖ የሚፈስ፣ ማጠንከሪያ ኬሚካል ሲጨመርበት ያለ ምድጃ እሳት በራሱ ጊዜ የሚደርቅ ፈሳሽ ነው። የሁለቱን ዝምድና ለመረዳት የጭቃ ቤት አሠራርን ማሰብ ይበቃል፤ ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጭድም ብቻውን ግድግዳ አይሆንም፤ ሲቦኩ ግን አንዱ የሌላውን ድካም ይሸፍናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ይህ ጥምር ቁስ የራዳር ሞገድን የማያግድ በመሆኑ በአውሮፕላን ላይ ለራዳር መሸፈኛነት አገለገለ፤ ጦርነቱ ሲያበቃም ዕውቀቱ ወደ ጀልባ ሠሪዎች እጅ ገባ።

የመኪና ቦዲ ከላሜራ ለመሥራት ብረቱን በአንድ ጊዜ ተጭኖ ቅርጽ የሚሰጥ ግዙፍ ማተሚያ ያስፈልጋል፤ የማተሚያው ፎርማ ዋጋ የሚመለሰውም መኪናው በአሥር ሺዎች ሲሸጥ ብቻ ነው። በፋይበርግላስ ግን አንድ ሰው የሚፈልገውን ቅርጽ በእንጨትና በጀሶ ይቀርጻል፤ በላዩ ሰም ቀብቶ በመስታወት ጨርቅና በሬዚን ይሸፍነዋል፤ ሲደርቅ የሚላቀቀው ሽፋን ፎርማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በፎርማው ውስጥ መጀመሪያ ጄል ኮት የተባለውን፣ የቦዲው ውጫዊ ቆዳ የሚሆነውን ባለ ቀለም ሬዚን ይቀባል፤ ቀጥሎም የመስታወት ምንጣፍ እየነጠፈ ሬዚኑን በብሩሽና በሮለር ያጠግባል። ሁለትና ሦስት ሠራተኞች ያሉት አንድ መጋዘን በዚህ መንገድ የመኪና አምራች መሆን ቻለ። ይኸው ቅለት ግን የሙያው ደዌም ነበረ፤ ማንም ሰው አንድ ቦዲ ገዝቶ ሰም ቢቀባውና ፎርማ ቢያወጣበት፣ የሌላውን የዓመታት ድካም በጥቂት ቀናት ውስጥ የራሱ ምርት አድርጎ ሊሸጠው ይችላል።

የዚህ ንግድ እናት አገር ደቡብ ካሊፎርኒያ ናት። በኮስታ ሜሳ ከተማ ግላስፓር በተባለ ድርጅቱ የፋይበርግላስ ጀልባ ይሠራ የነበረው ቢል ትሪት፣ ኬን ብሩክስ የተባለ የአየር ኃይል ሻለቃ ለሚስቱ የገዛላት ዊሊስ ጂፕ መልኩ ስላላማራት፣ በጂፑ ሻንሲ ላይ የሚቀመጥ ዝቅ ያለ ክፍት የስፖርት መኪና ቦዲ ሠራላት። ይህ «ብሩክስ ቦክሰር» የተባለው መኪና በ1951 ለሕዝብ ታየ፤ ግላስፓር ጂ2 ተብሎ ለሽያጭ የቀረበውም ቦዲ ከእርሱ የተወለደ ነው። ሬዚኑን የሚያቀርበው ኖጋተክ ኬሚካል ኩባንያ የንግዱን ተስፋ ተመልክቶ ሥራውን ደገፈ፤ ላይፍ መጽሔትም በየካቲት 1952 ስለ ፕላስቲክ ቦዲዎች ሰፊ ዘገባ አወጣ። ኖጋተክ ከግላስፓር ቦዲዎች አንዱን አሌምቢክ 1 ብሎ ሰይሞ ለጄኔራል ሞተርስ ሰዎች አሳየ፤ ያ ግዙፍ ኩባንያም በ1953 በፍሊንት ከተማ የመጀመሪያዎቹን 300 ኮርቬት መኪናዎች በፋይበርግላስ ቦዲ አምርቶ አወጣ። የጀልባ ሠሪው መጋዘን ለታላቁ ፋብሪካ መንገድ እንደ መራ መናገር ማጋነን አይሆንም፤ በአብዛኞቹ የመኪና ታሪክ መጻሕፍት ግን ትሪት የሚያገኘው ቦታ ከአንድ መስመር አያልፍም፤ ይህም ሊታረም የሚገባው በደል ነው።

ከግላስፓር በኋላ ብዙዎች ተከተሉ። በዳውኒ ከተማ መኪና ሻጭ የነበረው ውድል ከግላስፓር የተገኘውን ቦዲ አሻሽሎ «ዋይልድፋየር» የተባለውን መኪና በተጠናቀቀ መልክም በኪትም አቀረበ፤ ላ ዳውሪና ኬሊሰን የተባሉትም የየራሳቸውን ቅርጽ ይዘው ገበያውን ተቀላቀሉ። ንግዱን ከሁሉ ይልቅ ያሰፋው ግን በኤል ሞንቴ ከተማ የነበረው ቢል ዴቪን ነው። ዴቪን የተረዳው ቁም ነገር፣ የገዢዎቹ ሻንሲ የተለያየ ርዝመትና ስፋት ያለው በመሆኑ አንድ ልክ ቦዲ ለሁሉም እንደማይበቃ ነበር፤ ስለዚህም ፎርማውን ከብዙ ክፍልፋዮች እየተገጣጠመ የሚሰፋና የሚጠብ አድርጎ ሠራውና ቦዲውን በ27 የተለያዩ ልኮች አቀረበ። የዴቪን ቦዲ ዋጋ 295 ዶላር ነበር፤ ይህም አንድ ደመወዝተኛ ወጣት ቆጥቦ ሊደርስበት የሚችለው ገንዘብ ነው።

የግዥው ሥርዓት ራሱን የቻለ ልማድ ነበረው። እንደ ሮድ ኤንድ ትራክና ሆት ሮድ ባሉ መጽሔቶች የኋላ ገጾች ላይ የቴምብር ስፋት ያላቸው ማስታወቂያዎች ይወጣሉ፤ አንባቢው ጥቂት ሳንቲም በፖስታ ልኮ ካታሎግ ያስመጣል፤ ካታሎጉን ደጋግሞ ካነበበ በኋላ የሻንሲውን ልክ ለክቶ ገንዘቡን ይልካል፤ በመጨረሻም ቦዲው በእንጨት ሣጥን ወይም በጭነት መኪና ተጭኖ ይደርሰዋል። በካታሎጉ ላይ የታየው ግን የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መብራትና መስታወት የተገጠመለት መኪና ነበር፤ ከሣጥኑ የሚወጣው ባዶ ቅርፊት ነው። በብዙዎቹ ዘንድ የበሩ መስመር በቦዲው ላይ ተመልክቶ እንጂ ተቆርጦ አይመጣም፤ ማጠፊያ የለም፤ የፊት መስታወት የለም፤ መብራት የሚገባበት ቀዳዳ ገና አልተከፈተም፤ ቦዲውን ከሻንሲው ጋር የሚያይዘው ብረትም የገዢው ፈንታ ነው። አንድ ባትላሜራ ከብዙ ዓመት ልምምድ በኋላ የሚያገኘውን ሙያ ገዢው በቅዳሜና እሑድ እንዲያውቀው ይጠበቅ ነበር። ስለዚህ ብዙ ኪቶች ሳያልቁ ቀሩ። ሰውየው ልጅ ወለደ፣ ወደ ውትድርና ተጠራ፣ ሥራ ቀየረ ወይም ገንዘቡ አለቀ፤ ቅርፊቱም በጋራዡ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ወይም ከዛፍ ሥር ተገልብጦ አምስትና ስድስት አሥርት ዓመታት አስቆጠረ። ለዛሬው ፈላጊ የተረፉት መኪናዎች ብዙዎቹ በዚህ ያለመጠናቀቅ ምክንያት የተረፉ ናቸው፤ ያለቁትማ ተነዱ፣ ተሽቀዳደሙ፣ ተጋጩ፣ ተጣሉ።

በብሪታንያ ንግዱን ያሳደገው ሌላ ኃይል፣ ግብር ነበር። ከ1940 ጀምሮ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ የሚጣለው የግዥ ግብር ከመኪናው ዋጋ ግማሽ አልፎ የሄደባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥመው መኪና ግን ከዚህ ግብር ነፃ ነበር። በ1957 የወጣው ሎተስ ሰቨን በኪት የተሸጠው በዚህ ቀዳዳ ነው፤ ሕጉ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሰጥ ስለሚከለክል ኩባንያው የመፍቻ መመሪያ ሰጥቶ ገዢው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲያነበው ያደርግ እንደ ነበር ይነገራል። ሰቨን በአብዛኛው የአሉሚኒየም ቦዲ ያለው ቢሆንም፣ በዚያው ዓመት የቀረበው ሎተስ ኤሊት ሻንሲና ቦዲው አንድ ሆኖ ከፋይበርግላስ የተሠራ በመሆኑ በቁሱ ታሪክ ታላቅ እርምጃ ነው። ዝቅ ባለ ዋጋ የሚገዙት ደግሞ የአሮጌ ፎርድና የኦስቲን ሰቨን ሻንሲ ላይ የሚቀመጡ የፋይበርግላስ ቅርፊቶችን ይገዙ ነበር። ሚያዝያ 1 ቀን 1973 የግዥ ግብር ቀርቶ በተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ ይህ ጥቅም ጠፋ፤ ከእርሱም ጋር ብዙ ትናንሽ አምራቾች ከሰሙ። አፍሪካም ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረችም፤ ቦብ ቫን ኒከርክና ዊሊ ማይስነር የተባሉ ደቡብ አፍሪካውያን የፋይበርግላስን ሙያ በእንግሊዝ ተምረው ተመለሱና በ1958 በኬፕታውን ጂ.ኤስ.ኤም. ዳርት የተባለውን፣ የፎርድ ዕቃ የተገጠመለትን ትንሽ የስፖርት መኪና ሠሩ።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ የንግዱ ማዕከል ወደ አንድ ለጋሽ፣ ወደ ቮልስዋገን ቢትል ዞረ። ይህ መኪና ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች «ቮልስ» ተብሎ ለአሥርት ዓመታት የኖረ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ የተሳፈሩበትም በመሆኑ በአገሪቱ የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ ሳይቀር ቦታ የያዘ መኪና ነው። የቢትል ቦዲ ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው፤ ብሎኖቹ ሲፈቱ ቦዲው ይነሳና ሞተር፣ ካምቢዮ፣ መሪ፣ ፍሬንና ጎማ ያለው ሙሉ ወለል ይቀራል። ለኪት ሠሪ ከዚህ የተሻለ ለጋሽ አልተፈጠረም፤ በራዲያተር ፈንታ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተሩ ከኋላ መሆኑም የፊቱን ቅርጽ እንደ ልብ ለመሥራት ነፃነት ሰጠ።

ይህን ዕድል እስከ ጫፍ የተጠቀመበት ብሩስ ማየርስ ነው። ማየርስ በ1926 የተወለደ፣ በጦርነቱ ጊዜ በባሕር ኃይል ያገለገለ፣ የጀልባ ንድፍና የፋይበርግላስ ሥራን በሚገባ የተማረ የካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ሰው ነበር። በ1964 በኒውፖርት ቢች «ኦልድ ሬድ» የተባለውን፣ ሻንሲ የሌለውንና ቦዲው ራሱ ጭነቱን የሚሸከመውን የአሸዋ መኪና ሠራ። ይህ ዓይነቱ አሠራር ለብዙ ምርት ውድ ስለሆነበት 12 ያህል ብቻ ካመረተ በኋላ፣ የቢትልን ወለል 14.5 ኢንች፣ ማለትም ወደ 37 ሳንቲ ሜትር ገደማ አሳጥሮ በላዩ የሚጫን ቀላል ቦዲ ነደፈ፤ ስሙንም ማየርስ ማንክስ አለው። በ1967 የጸደይ ወራት ማየርስና ቴድ ማንግልስ በኦልድ ሬድ በሜክሲኮ ከላ ፓዝ እስከ ቲዋና ያለውን ጥርጊያ መንገድ በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ጨርሰው ቀድሞ በሞተር ሳይክል የተያዘውን ክብረ ወሰን ከአምስት ሰዓት በላይ አሻሻሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በተካሄደው የመጀመሪያው የሜክሲኮ 1000 ውድድርም ቪክ ዊልሰንና ማንግልስ በማንክስ አሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ትእዛዙ እንደ ጎርፍ መጣ፤ ኩባንያውም ከ5,000 በላይ ኪቶችን ሸጠ።

የፋይበርግላስ አሮጌ ደዌ ግን ማንክስንም አልማረውም። ቦዲውን ገዝተው ፎርማ ያወጡበት ተወዳዳሪዎች በርካሽ መሸጥ ጀመሩ፤ ማየርስ የፈጠራ መብቱን ለማስከበር ፍርድ ቤት ቢሄድም ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ቅጂው በዓለም ዙሪያ ከዋናው እጅግ በዝቶ ተሠራ፤ በ1971ም ኩባንያው ተዘጋ። አንድ ሰው ራሱ የፈጠረው ገበያ እርሱን ወደ ውጭ ሲገፋው ማየት የሚያሳዝን ነገር ነው። ማየርስ ለረጅም ዓመታት ከዚህ ሥራ ርቆ ኖረ፤ በ1994 የማንክስ ባለቤቶች ክበብ ሲመሠረት ግን ስሙና ሥራው ወደ አደባባይ ተመለሱ፤ ኦልድ ሬድም በ2014 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ውስጥ ገባ። ማየርስ ያረፈው በ2021፣ በ94 ዓመቱ ነው። በተመሳሳይ ወለል ላይ የሚቀመጡ ሌሎችም ነበሩ፤ በሚኒሶታ ግዛት ከ1970 ጀምሮ የተሸጠው ብራድሊ ጂ.ቲ. እና በ1971 በብሪታንያ የወጣው፣ ጣሪያው በሙሉ ወደ ላይ የሚነሳው ኖቫ በብዛት ከታወቁት ናቸው፤ የኖቫ ፎርማ ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካ ስተርሊንግ፣ በአውስትራሊያ ፐርቪስ ዩሬካ፣ በደቡብ አፍሪካ ኢግል እየተባለ ተሠርቷል።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ ዛሬ አሮጌ ኪት ካር የሚፈልግ ሰው የሚገጥመው የመጀመሪያ እንቅፋት ስም ነው። የመኪናው ሊብሬ ብዙውን ጊዜ የሚመሰክረው ስለ ለጋሹ ብቻ ነው፤ በወረቀት ላይ «የ1962 ቮልስዋገን» ወይም «የ1948 ፎርድ» የተባለው፣ በዓይን ሲታይ ማንም የማያውቀው የስፖርት መኪና ሆኖ ይገኛል። ሻጩ የሟች አጎቱን ጋራዥ የሚያጸዳ ወራሽ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም «የፕላስቲክ መኪና» ከማለት ያለፈ የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ልምድ ያለው ፈላጊ የሚመረምረው አካሉን ነው። በቅድሚያ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ይለካል፤ ግላስፓር ጂ2 ለምሳሌ ለ100 ኢንች ርቀት የተሠራ ሲሆን፣ ያጠረ የማንክስ ወለል ወደ 80 ኢንች ገደማ ነው። ቀጥሎ የፎርማው ክፍልፋዮች የተጋጠሙበት ስንጥቅ በቦዲው ላይ የተወውን ቀጭን መስመር ይከተላል፤ የቦዲውን ጀርባ ገልብጦም የመስታወቱ ክር ድርና ማግ ኖሮት የተሸመነ ጨርቅ ይሁን ወይም ዝም ብሎ የተነሰነሰ ምንጣፍ መሆኑን ያያል። ቅጂ የሆነ ቦዲ ብዙ ጊዜ ከዋናው ይሳሳል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል፤ በቅጂ ላይ ቅጂ ሲወጣ ደግሞ መልኩ እንደ ብዙ ጊዜ የተባዛ ወረቀት እየጠፋ ይሄዳል። የአሮጌ መጽሔት ማስታወቂያዎችና ካታሎጎች በዚህ ጊዜ እንደ ብራና መዝገብ ይከበራሉ፤ የባለቤቶች ክበባትም ልኮችንና ቁጥሮችን እያነጻጸሩ የእውነተኛነት ምስክር ይሰጣሉ።

ስሙ ከታወቀ በኋላ የጤንነቱ ምርመራ ይከተላል። ፋይበርግላስ አይዝግም የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ክሩና ሬዚኑ ባይዝጉም፣ በውስጣቸው ተቀብረው ማጠፊያንና ማያያዣን የሚሸከሙት ብረቶች ይዝጋሉ፤ ዝገቱም እያበጠ ዙሪያውን ያለውን ንጣፍ ይሰነጥቃል። ለማጠንከሪያ የተቀበረ እንጨትም ውኃ ካገኘው ይበሰብሳል። በጄል ኮቱ ላይ እንደ ኮከብ ወደየአቅጣጫው የሚበተን ስንጥቅ ከኋላ የደረሰ ምት ምልክት ነው፤ በሳንቲም ቀስ እያሉ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ጤነኛ ሲሆን፣ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው ግን ንጣፎቹ የተላቀቁበት ወይም ስቱኮ የተሞላበት ነው። በቢትል ወለል ላይ የተቀመጠ ከሆነ ዋናው የምርመራ ስፍራ ወለሉ ያጠረበት ብየዳ ነው፤ ይህን የበየደው ሰው የማይታወቅ በመሆኑና የተሳፋሪው ሕይወት በዚያ መስመር ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ፣ ምንጣፉን ሳያስነሣ የሚገዛ ሰው በዓይኑ ጨርቅ አስሮ እንደሚገዛ ይቆጠራል። ከኋላ መቀመጫው ሥር በወለሉ መሐል አምድ ላይ የታተመው የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር መስማማቱም በዚያው ይረጋገጣል። ቁጥሩ ካልተገኘ ወይም ካልተስማማ የሕጉ መንገድ ረጅም ነው፤ ብሪታንያ ከ1998 ጀምሮ በግል ለተገጣጠሙ መኪናዎች የተለየ የብቃት ፈተና ደንግጋለች፤ ካሊፎርኒያም በ2001 ባወጣችው ሕግ በየዓመቱ 500 እንዲህ ያሉ መኪናዎች ብቻ በቀላል የጭስ ምርመራ ሥርዓት እንዲመዘገቡ ፈቅዳለች።

ልምድ የሌለው ገዢ የሚያልፈው፣ በመጨረሻ ግን ከሞተር ይልቅ የሚያስቸግረው ዕቃ የፊት መስታወት ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ቦዲ ይጠገናል፤ የተጠማዘዘ መስታወት ግን በእጅ አይሠራም። አብዛኞቹ አምራቾች መስታወቱን ከታወቀ የፋብሪካ መኪና ስለሚበደሩ፣ የትኛው መኪና መሆኑን የሚያውቅ ሰው ችግሩን በአንድ ቀን ይፈታዋል፤ የማያውቀው ደግሞ ለዓመታት ይንከራተታል። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ከመኪናው ጋር ወረቀቱንም ይጠይቃል፦ የመጀመሪያውን ገዢ የፖስታ ደረሰኝ፣ ካታሎጉን፣ በእርሳስ የተሞነጫጨረውን የልክ ወረቀት፣ በሥራ ላይ እያለ የተነሣውን ፎቶግራፍ። እነዚህን የያዘ አሮጌ ካርቶን ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ይልቅ ዋጋ አለው፤ ወራሾች ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጥሉት እርሱን ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ጥያቄ የሚነሣው ከ60 ዓመት በላይ የቆየ፣ አንድም ቀን ያልተገጠመ ቅርፊት ሲገኝ ነው። የበሩ መስመር በቦዲው ላይ እንደ ተመለከተ አለ፤ መጋዝ አልነካውም፤ ጄል ኮቱ ከፎርማው እንደ ወጣ ነው። አንዳንዶች መኪና ሊነዳ የተሠራ ነውና ተቆርጦ፣ ተገጥሞ፣ መንገድ ላይ ሊወጣ ይገባዋል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ፎርማው የጠፋበት የአምራች ሥራ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚመሰክር ሌላ ነገር ስለሌለ እንዳለ ይቆይ ይላሉ። ያልተነካ ቅርፊት በጥቂቱ ብቻ የተረፈ ከሆነ የሁለተኞቹ ወገን ክርክር ይበረታል፤ ቆርጦ ለመጨረስ የወሰነ ባለቤትም ቢሆን ቅርፊቱን ከየአቅጣጫው ለክቶ፣ ውፍረቱን በየስፍራው መዝግቦ፣ የበሩን መስመር በወረቀት ላይ አትሞ ካስቀመጠ በኋላ መጋዙን ቢያነሣ ይገባዋል።